ከነገራ እስከ ሪያድ

የልብስ ማጠቢያው ማሽን የዘይት ካርቶን ነው። ፊቱ ላይ በጥቁር ማርከር አምስት ክቦች ተስለውበታል፤ ከእያንዳንዱ ክብ ሥር በእኛ ፊደል የዓረብኛ ቃል ተጽፏል። ከአናቱ ላይ «ገሳላ» ይላል። ደብረ ኤልያስ ከተማ ውስጥ፣ ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለበጠ አንዲት ክፍል ናት። ሰባት ልጃገረዶች መደብ ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«አንቺ፣ ተነሽ» አለች አሠልጣኟ። «እመቤቲቱ እኔ ነኝ። ዛሬ ገና መግባትሽ ነው። ፓስፖርትሽን ስጭኝ አልኩሽ። ምን ትያለሽ?»

ልጅቱ ነጠላዋን ጫፉን ይዛ አንገቷን ደፋች።

«ዝም አይባልም፣ እናቴ። ዝም ካልሽ ሰጠሽ ማለት ነው። እንደገና።»

«ጀዋዚ መዓይ» አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ሳይወጣ። ፓስፖርቴ እኔው ጋ ነው ማለቷ ነው።

«አልሰማሁሽም።»

«ጀዋዚ መዓይ!»

ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል። ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ እኔም እንዲሁ እላታለሁ። ሪያድ ውስጥ በሦስት ቤቶች ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት። ስትመለስ ዘመድ ጎረቤቱ ልጁን እየያዘ «እስቲ ምከሪልን» ይላት ጀመር፤ ምክሩ በዛና ክፍል ሆነ። አሁን ደግሞ ክፍሉ ባሕር ሊሻገር ነው። እሷ ጋ የተማረች አንዲት ልጅን ያሠራች ወይዘሮ፣ ለእህቷ ቤት «እንደዚች ያለች» ሌላ ሠራተኛ እንድትፈልግላት በኢሞ ጠይቃታለች። ከአዲስ አበባም አንድ ሰው ደውሎ፣ ለምታቀርባት ለእያንዳንዷ ልጅ ይህን ያህል ብር እከፍልሻለሁ ብሏታል።

«ወንድሜ፣ አንተ ጽሑፍ ታውቃለህ» አለችኝ ቡናውን እየቀዳች። «ይህ ሥራ ውጭ አገር ድረስ ይሄዳል? ቢሄድስ በየት በኩል ነው የሚሄደው?»

ይህ ዘገባ የተጻፈው ጥያቄዋን ለመመለስ ነው።

ሰው እያሰናዱ መላክ

ለሩቅ አገር ሰው ማሰናዳት ለደብረ ኤልያስ አዲስ ሙያ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ፣ እስከ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ይህ የስንዴና የጤፍ አገር በቅኔ ጉባኤው ስም ያወጣ ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ የተወለዱት እዚህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጋር በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ ደብረ ኤልያስ ነው፤ በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፣ በተባበሩት መንግሥታት አገራቸውን ወከሉ፣ በለንደንም አምባሳደር ሆነው ሠሩ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከየአውራጃው ይመጣል፤ ሲበቃ ደግሞ ሌላ አገር ሄዶ መምህር ይሆናል። ቤተ ክርስቲያኑ የሰለጠነ ሰው የሚያወጣ ቤት ነው።

የዚህን ቤት አሠራር ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሦስት ሥርዓት ያገኛል።

አንደኛው ነገራ ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ከየኔታ ወይም ከአስነጋሪው ፊት ይቀርብና ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፤ ቤት ያልመታውን፣ ሰምና ወርቁ ያልተጋጠመውን እየነቀሰ ያርማል። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ደረጃው የሚወጣው አንድ በአንድ እየተሰማ ነው። መቶ ተማሪ ቢኖር መቶው በየተራው ይሰማል።

ሁለተኛው ምስክር ነው። ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም ነው፤ የዝማሬና የመዋስዕት ማስመስከሪያ ደግሞ ዙር አምባ። ያስተማረው ሌላ፣ በቅቷል የሚለው ሌላ።

ሦስተኛው የወጪው ነገር ነው። የኔታ ለማስተማራቸው ከተማሪው ዋጋ አይጠይቁም። የእሳቸው ድርጎ ከደብሩ ነው፤ ተማሪውም ቁራሹን ከምእመኑ ደጅ ይለምናል። የተማረ ሰው የሚያስፈልገው ሕዝብ ነው፤ ወጪውንም የሚሸከመው ያው ሕዝብ ነው።

እትዬ ቅኔ ቤት አልገባችም። ይሁንና «አልሰማሁሽም» ስትል የምታስነግረው ነገራ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥርዓት ግን ገና ከፊቷ ናቸው፤ ሥራዋ ባሕር ሲሻገር የሚፈተነውም በእነሱ ነው።

ሕጉ የመጣበት መንገድ

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጋችን በመከራ እየተገራ የመጣ ነው። በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 104 የግል ሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎችን ፈቀደ። በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 632 ተተካ። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን ፈጽሞ አገደ። ብዙም ሳይቆይ ሳውዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን ማባረር ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በዚያ ሰሞን ስንቱ የጎጃም ቤት ልቅሶና እልልታ በአንድ ቀን እንዳስተናገደ አልረሳውም። እገዳው ግን መንገዱን አልዘጋውም፤ ለደላላ ሰጠው እንጂ። ልጆቹ በየመን በረሃና በባሕር መሄዳቸውን ቀጠሉ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 መንገዱን በሥርዓት ለመክፈት የታሰበ ነው። የሁለትዮሽ ስምምነትን፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫን፣ ከጉዞ በፊት የሚሰጥ ሥልጠናን የግድ አደረገ። ኤጀንሲ የሚከፍት ሰው 100,000 ዶላር ዋስትና በዝግ ሒሳብ እንዲያስይዝ ጠየቀ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። አዋጁም በ2013 ዓ.ም. በቁጥር 1246 ተሻሻለ። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ቀጥሎም የሠራተኛው ምዝገባ፣ ሥልጠና፣ ውልና ኤጀንሲ ሁሉ በአንድ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ።

ከዚህ ሁሉ አንቀጽ ለእትዬ የሚያስፈልጋት የወጪው ክፍፍል ነው። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ክፍያ የአሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትችለው የፓስፖርቷን፣ የሕክምና ምርመራዋን፣ የክትባቷን፣ የልደት ሰርተፊኬቷንና የብቃት ማረጋገጫ ምዘናዋን የመሰለውን ነው። ኤጀንሲው ከሠራተኛዋ የአገልግሎት ዋጋ ሊቀበል አይችልም። ይህ ሐሳብ የመጣው ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነት ነው፤ ስምምነቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ኢትዮጵያም ከሁለት ዓመት በኋላ አጸደቀችው። የኔታ ቤት ከጥንት የሚያውቀው ሥርዓት ነው፦ ሰው የሚያስፈልገው ይክፈል።

ማሠልጠንና ማገናኘት

«እንግዲህ ያች ወይዘሮ ሠራተኛ ፈልጊልኝ ያለችኝን ላገናኛት?» አለችኝ እትዬ።

አይሆንም። ማሠልጠን አንድ ሥራ ነው፤ ልጅን ከአሠሪ ማገናኘት ሌላ። ሁለተኛው ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ ሰውን ለሥራ ወደ ውጭ መላክ በ923ም፣ በሰው መነገድን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1178ም ወንጀል ነው። ብዙ ደግ ሰው ደላላ የሆነው በዚህ በር ገብቶ ነው፤ መጀመሪያ መከረ፣ ቀጥሎ ስልክ ቁጥር ሰጠ፣ ከዚያ «ለድካሜ» ተባለ።

የአዲስ አበባው ሰው ያቀረበላት ክፍያም ጣጣ አለበት። በነፍስ ወከፍ የሚከፈላት አሠልጣኝ «አንቺ ገና አልደረስሽም» ለማለት አቅም አይኖራትም። ያልበቃችውን ባስቀረች ቁጥር ከኪሷ ይጎድላል። የሥልጠና ሥራ ዋጋው ያለው «ገና ነሽ» የማለት ሥልጣኑ ላይ ነው። አሥር ልጅ አሠልጥና ስምንቱን ብቻ «በቅተዋል» የምትል ሴት ቃሏ ይታመናል። ሪያድ ያለችው ወይዘሮ «እንደዚች ያለች» ብላ የፈለገችው ይህንኑ ቃል ነው። ስለዚህ ከኤጀንሲ ጋር መዋዋል ካለባት ክፍያው ለትምህርቱ ይሁን፤ ስንት ሰዓት፣ ስንት ተማሪ፣ ምን ምን ይማራሉ ተብሎ በወረቀት ይስፈር፤ ያለፈችውም የወደቀችውም እኩል ይከፈልባት።

ይህን የምለው ከቤቴ በደረሰው ነው። የአክስቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመሄድ ስትነሣ አንድ ማሠልጠኛ ገባች። ገንዘቡን ያዋጣነው ዘመዳሞች ነን። ትምህርቱ በሦስት ቀን አለቀ። ማሽኖቹ በመስታወት ውስጥ ተቆልፈው ነበር፤ በእጇ አንዱንም አልነካችም። ወረቀቱን ግን ሰጧት። ከደረሰች በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የሱፍ ልብስ በፈላ ውኃ አጠበችና ከደመወዟ ተቆረጠ። ደውላ ስታለቅስ ከኔ የተገኘው «አይዞሽ» ብቻ ነበር። የዘይት ካርቶኑ ላይ የተሳለችውን የሙቀት ምልክት ሳያት ያ ስልክ ትዝ አለኝ።

በሌላ ቤት የሚመሰከረው

ለዚህ መድኃኒቱ ሁለተኛው ሥርዓት ነው። በቴክኒክና ሙያ አሠራራችን አሠልጣኙ መዛኝ አይሆንም፤ «ሲኦሲ» የምንለው የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው በሌላ አካል ነው። እትዬ ልጆቹን ደብረ ማርቆስ ወስዳ ብታስመዝን ያለፉትን ስም በአደባባይ መጥራት ትችላለች፤ የወደቁትም ምን እንደጎደላቸው ይነግሯታል። የራሷን ወረቀት አትማ ብትሰጥ ግን ያ ወረቀት ከደብረ ኤልያስ ኬላ አያልፍም።

ምስክር ዋጋ እንዳለው ከፊሊፒንስ መማር ይቻላል። ፊሊፒንስ ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክን በ1974 እ.ኤ.አ. በሠራተኛ ሕጓ ሥርዓት አስያዘች። በ2006 ደግሞ ለቤት ሠራተኞች አራት ነገር አንድ ላይ ደነገገች፦ ከ400 ዶላር ያነሰ ደመወዝ አይኖርም፤ ሠራተኛዋ የማገናኛ ክፍያ አትከፍልም፤ የዕድሜ ወለል ከፍ ይላል፤ በመንግሥት የሙያ ባለሥልጣን ተመዝና የብሔራዊ ምስክር ወረቀት ትይዛለች። 400 ዶላር በሪያል 1,500 ነው። ለኢትዮጵያዊቷ በሳውዲ የሚጠራው ደመወዝ 1,000 ሪያል ሆኖ ቆይቷል። ሁለቱም የሚያጥቡት አንድ ዓይነት ልብስ ነው፤ የሚያሳድጉት አንድ ዓይነት ሕፃን ነው። ልዩነቱ የሚገኘው ከጀርባቸው በቆመው ውል፣ ቋንቋና ምስክር ነው። 500 ሪያሉን ማስመለስ የመንግሥታት ድርድር ሥራ ነው፤ ተደራዳሪው ግን ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጠው የበቃች ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ያችን ሠራተኛ የሚያበቁት እንደ እትዬ ያሉ ክፍሎች ናቸው።

ሌላው በር

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ዲግሪ የያዘ የጎረቤት ልጅ «እኔንም አስነግሪኝ» ብሎ መጣ። የያዘው ሲቪ አራት ገጽ ነው፤ የትውልድ ቀበሌውን፣ የአባቱን ሥራና የሃይማኖቱን ስም ሁሉ ጽፎበታል። እትዬ ሳቀችና «ይህ የአንተ ነው» ብላ ወደኔ ገፋችው።

ለእሱ ዓይነቱ በር የከፈቱ አገር በቀል ድርጅቶች አሉ። የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ የሆነው የኢትዮጆብስ እህት ድርጅት «ደረጃ» የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎችን ሲቪ አጻጻፍ፣ ቃለ መጠይቅና የሥራ ቦታ ጠባይ እያሠለጠነ ከቀጣሪ ጋር ያገናኛል። «ገበያ» የተባለው ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በሴኔጋላዊው አማዱ ዳፌና በሂሩይ አማኑኤል ተቋቋመ። መነሻው የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ቆይቶ ባለሙያን ከቀጣሪ ወደሚያገናኝ የገበያ መድረክነት አደላ፣ ናይሮቢም ገባ፣ በ2018 ደግሞ ኮደርስ ፎር አፍሪካን ጠቀለለ። ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት ይወጣል፦ ሥራ የሚፈልገው ወጣት ኪሱ ባዶ ነው፤ ሰው የሚፈልገው ድርጅት ግን የሚከፍለው አለው። የሥልጠና ድርጅት ድንበር ተሻግሮ የሚቆየው ወደ ከፋዩ ሲዞር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምን በነፃ ከፍቷል፤ ቤቱ ተቀምጦ መማር ለሚችል ልጅ መልካም ነገር ነው።

መማር ከቻለ። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። በዚያ ጊዜ በስልክ የሚሰጥ ትምህርት ሁሉ ቆመ፤ ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ደግሞ ለምን እንደጠፋህ አይጠይቅም፣ ሌላ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጎጃም ወደ ውጭ የሚያስብ አሠልጣኝ ትምህርቱ ያለ ኢንተርኔትም የሚቀጥልበትን መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጅ፦ የድምፅ ቅጂ በሜሞሪ ካርድ፣ የታተመ ወረቀት፣ ሥዕል ያለበት ካርቶን። የካርቶኑ ማሽን መብራትም ኔትወርክም አይፈልግም።

ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና መክፈት የሚያስብ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የባለሙያ እጥረታቸው የከፋ ያላቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያን ጨምሯታል። ነርሷ በራሷ አመልክታ መሄድ መብቷ ነው፤ ዝርዝሩን የሚያከብሩ አገሮች ግን ቀጣሪ እዚህ ድረስ መጥቶ እንዲመለምል አይፈቅዱም። እንግሊዝኛ ማስተማር፣ ለፈተና ማሰናዳት ይቻላል፤ በምልመላ ስም መግባት ግን የሠለጠነችዋን ነርስ ራሷን በሩ ላይ ያስቀራታል።

የመጀመሪያው የውጭ ገበያ

ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። ሥራው ውጭ አገር ድረስ ይሄዳል ወይ? እንደኔ ከሆነ ቀድሞ ሄዷል። ያስተማረቻቸው ልጆች ሪያድ፣ ጅዳ፣ ዱባይ አሉ። የመጀመሪያው የውጭ ገበያዋ እነሱ ናቸው። ልጅቱ ከደረሰች በኋላ የሚያስፈልጋት ትምህርት ከመሄዷ በፊት ከተማረችው ይበዛል፦ ደመወዝ ሲዘገይ ማንን እንደምትጠይቅ፣ ውሏ በሳውዲው የሙሳነድ መድረክ ላይ መመዝገቡን እንዴት እንደምታረጋግጥ፣ ሁለተኛው ዓመት ሲደርስ ለተሻለ ደመወዝ እንዴት እንደምትናገር፣ ገንዘቧን በሐዋላ ሰው ሳይሆን በባንክ እንዴት እንደምትልክ። የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየቀኑ የዕረፍት ሰዓት፣ በሳምንትም አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣታል። ይህን የማታውቅ ልጅ ዕረፍቱን እንደ ችሮታ ትለምነዋለች፤ የምታውቅ ትጠይቀዋለች። «ራቲብ» (ደመወዝ) እና «ኢጃዛ» (ዕረፍት) የሚሉትን ቃላት መደብ ላይ ተቀምጣ ጮኻ ያለቻቸው ልጅ እዚያም አፏ አይያዝም።

ከዚህ በኋላ ደረጃው በተራ ይመጣል። አሁን ንግድ ፈቃድ አውጥታ ከአንድ ኮሌጅ ጋር ብትጣመር መሠረት ይሆናታል። ቀጥሎ ፈቃድ ካለው ኤጀንሲ ጋር የትምህርት ውል፤ ከዚያ ከፋዩ አሠሪው የሆነበት ስምምነት። ማሸጋገር የሚገባት ቅርንጫፍ ቢሮ ሳይሆን ሰው የመስማት ልማዷን ነው። ከሰባት ወደ ሰባ ተማሪ ብትሄድ ሰባውን የሚሰሙ አስነጋሪዎች ያስፈልጓታል፤ እንደ እሷ ሠርተው የተመለሱ ሴቶች በየወረዳው አሉ። ዛሬ እነዚህን ሴቶች የምናውቃቸው ከስደት ተመላሽ በሚል ስም ነው። መምህራን ናቸው ብለን የጠራናቸው ቀን የሥራው ገበያ ይሰፋል።

ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና ከትራሷ ሥር ደብተር አወጣች። ሦስት መስመር ተሰምሮበታል፦ ስም፣ የሄደችበት ቀን፣ የደወለችበት ቀን። ገጹን እያገላበጠች አሳየችኝ። ሁሉም ሞልቷል። አንድ ስም ብቻ ሦስተኛው መስመሩ ባዶ ነው።

«የአዲስ አበባውን ሰውዬ መልስ እሰጠዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ይችን ልጅ ላግኛት። ያላገኘኋትን ሰው ይዤ አዲስ ሰው አልልክም።»

መሽቷል። ልጆቹ ሄደዋል፤ ካርቶኑ ጥግ ተቀምጧል። ኢሞውን ከፍታ ደወለች። ስልኩ ጠራ፤ ጠራ፤ አልተነሣም። ሻማውን ወደ ደብተሩ አስጠግታ ደግማ ደወለች። በሦስተኛው አንድ ቀጭን ድምፅ «እትዬ?» አለ።

እንዴት ነሽ አላለቻትም። «ደመወዝሽ ገባ?» አለቻት፣ እስክሪብቶዋን እያነሣች።